ያልተረጎምኩት ስም

ባለፈው ሳምንት መነጽር ላሠራ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ዕድሜ አይለቅም መቼም፤ የመድኃኒቴን ብልቃጥ እጄን ዘርግቼም አልነበብ ስላለኝ ብልቃጡን መስኮት ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ መራቅ ጀምሬያለሁ። ሐኪሙ የልጄ እኩያ ነው። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፎ ብርሃን ሲያበራብኝ ቆየና፣ «ቀኝ ዓይንሽ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ» አለኝ። «በልጅነትሽ ክፉኛ ታመሽ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ዓይን ያጠፋል። ማን ነው ያከመሽ?» ጣቶቹ ኮምፒውተሩ ላይ ተዘርግተው መልሴን ይጠብቃሉ።

አገጬ መሣሪያው ላይ እንዳለ ብርሃኑን ማየት ቀጠልኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ስሙን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን ይህን ስም አንድ ጊዜ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ቤር ሼቫ ውስጥ ሦስት ዳኞች ፊት ቆሜ ውጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሲነሣ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

እናቴና እኔ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ ጎንደር ወደ እስራኤል የመምጫ ወረፋ ስንጠብቅ አርፏል። የእናቴ አያቶች ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ በክፉ ዘመን ተጠመቁ፤ እሷም እኔም ያደግነው ደብር ሥር፣ ቅዳሴ እየሰማን ነው። እዚህ ስንደርስ ወደ አባቶቻችን ሃይማኖት ለመመለስ ወደ አንድ ዓመት ገደማ መማር፣ ከዚያም ሦስት ረቢዎች ለዳኝነት የሚቀመጡበት፣ ቤት ዲን የሚሉት ሸንጎ ፊት ቀርበን መመርመር ነበረብን። ካለፍን ወረቀት ይሰጠናል። ካላለፍን መቼ እንደገና እንደምንጠራ የሚያውቅ የለም።

እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ! ማሩ የሚባል ልጅ ወድጄ፣ እሱም ወዶኝ፣ የሰርጉ አዳራሽ ከዳስ በዓል በኋላ ተይዞልናል። የማሩ ቤተሰቦች ከኛ ብዙ ቀድመው በአውሮፕላን የመጡ፣ ሃይማኖታቸውን ሳይለቁ የኖሩ ናቸው። አባቱ አባባ ታፈረ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን እኔን ሲያዩ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነው። «ልጅቱ ጨዋ ናት» አሉ አሉ፤ «ብቻ ወረቀቱ ይምጣ።» ያለ ወረቀቱ ጋብቻውን የሚመዘግብልን የለም። ቀን ቀን ከከተማው ዳር ዖሜር በሚባለው መንደር የሰው ቤት እያጸዳሁ፣ የዚያን ወረቀት መልክ መጥረጊያው ላይ ሁሉ አየው ነበር።

ችግሬ እናቴ ነበረች። እናቴ መላእክትን የምታውቃቸው እንደ ጎረቤት ነው። እያንዳንዱ ቀን አለው፣ ሥራም አለው። ሚካኤል በአሥራ ሁለት፣ ገብርኤል በአሥራ ዘጠኝ፣ ዑራኤል በሃያ ሁለት። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣል፣ ሩፋኤል ዓሣ አንበሪውን በጦር ይወጋል። ልጅ ሆኜ ዓሣው ያሳዝነኝ ነበር። ለእናቴ ግን ከሁሉ የሚበልጥባት ሩፋኤል ነው። ቀኑ ጳጉሜን ሦስት፣ አሮጌው ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው ይባላል። ልጆች ራቁታቸውን እየጮሁ ይሮጡበታል፤ ሴቶች ለበረከት ብለው ሊጣቸው ላይ ጠብ ያደርጉታል። እናቴ ደግሞ ሻሿን ከራሷ አውርዳ ዝናቡ መሐል ቀጥ ብላ ትቆማለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» እላታለሁ ከደጃፉ።

«ስለቴን እያደረስሁ።»

«ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«እሱ የኔና የሩፋኤል ነው። አንች ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ።»

ወደዚህ ስንመጣ ቤር ሼቫ ደርሷችኋል ሲሏት አንድም ቅሬታ አልነበራትም። «ቤርሳቤህ? አጋር ልጇ በውሃ ጥም ሊሞትባት ስታለቅስ መልአኩ የጠራት በረሃ? ጥሩ ነው፤ መላእክቱ መንገዱን ያውቁታል» አለች። በትምህርቱም ላይ አስተማሪያችን የመኝታ ጸሎት ስታስጠናን፣ ሚካኤል በቀኝ፣ ገብርኤል በግራ፣ ዑራኤል ከፊት፣ ሩፋኤል ከኋላ ሆነው የተኛውን እንደሚጠብቁ ስትሰማ፣ እናቴ ክፍሉን ሙሉ በእልልታ ልታቀልጠው ምንም አልቀራት። «እዚህም አሉ!» አለችኝ ክንዴን ቆንጥጣ። አስተማሪያችን ግን ወዲያው ነገሩን አጠበቀችው። መልአክ መልእክተኛ ነው፤ ይጠብቃል፣ ያደርሳል፣ ይመለሳል፤ አይለመንም፣ አይመለክም። ልመና ለአንድ ለፈጣሪ ብቻ ነው። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ቤት ስንደርስ ግን፣ «ልመናው ይቅር፤ ገብቶኛል» አለችኝ። «ስለት ግን ልመና አይደለም። ከአፍ የወጣ ቃል ነው።»

እንዲህ ሆነን ጳጉሜን ሦስት መጣ። የቤር ሼቫን ነሐሴና ጳጉሜን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰማዩ ነጭ፣ አስፋልቱ ጫማ የሚይዝ፣ አቧራው ጥርስ ላይ የሚንኳኳ። እናቴ ከጠዋት ጀምራ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ሰገነት ላይ ቆማ ደመና ትፈልጋለች። ትቻት ወደ ሥራ ሄድኩ።

ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ፍሬሓ የምትባል የሞሮኮ ባልቴት ነበረች። ማዝጋኗ፣ የክፍል ማቀዝቀዣዋ ማለቴ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በሰገነታችን ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። እሷም ባገኘችን ቁጥር፣ «ይቅርታ፣ ነገ ቱቦ አስገባለታለሁ» ትላለች። በዚያ ቀን፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ እናቴ ደመናውን ስትጠብቅ ስትጠብቅ ቆይታ ተስፋ ስትቆርጥ ባልዲ አምጥታ ከማዝጋኑ ሥር ደቀነች። ፍሬሓ በመስኮት አይታ፣ «ዛሬውኑ ሰው እጠራለሁ!» ብትላት እናቴ ሁለት እጇን አወናጭፋ፣ «ተይው! አትንኪው!» ብላ በአማርኛ ጮኸችባት። ከላይ የሚወርድ ውሃ ነው፤ ምን ታድርግ።

ማታ ከሥራ ስገባ ሰገነቱ ላይ ባልዲ ሙሉ ንጹሕ ውሃ አገኘሁ። ለስፖንጃ ያዘጋጀችልኝ መሰለኝ፤ እዚህ አገር ወለል የሚታጠበው ውሃ ተደፍቶበት በጎማ መጥረጊያ ነው። ሳሙና ጨመርኩበት፣ ሳሎን መሐል ደፋሁት፣ ከጥግ እስከ ጥግ ፈተግኩት። እናቴ ከጎረቤት ስትመለስ ባልዲው ባዶውን ተደፍቷል።

«ውሃውስ?»

«ወለሉን አጠብኩበት።»

ወለሉን አየች፣ እኔን አየች። «ወይ አንች ልጅ! ቤቱን በሙሉ አጠመቅሽልኝ እኮ!» ብላ በሳቅ ተንከተከተች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አንጀቴን በላችው። ከዓመት ዓመት አስተጓጉላ አታውቅም። «አሁን ባለስለት ሆኜ፣ ቃሌን አጉድዬ ሌላ ቃል ኪዳን ልገባ?» አለችኝ።

ማዘኔም ቶሎ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ቤት ዲን የምንቀርበው በሳምንቱ ነበር። «እማዬ፣ በሞቴ፣ እዚያ ስለ ሩፋኤል ትንፍሽ እንዳትይ! ገና ክርስቲያን ናቸው ይሉናል። ወረቀቱም ይቀራል፣ ሰርጉም ይቀራል።»

እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «ካልጠየቁኝ አልናገርም» አለች። «ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

ቀኑ ደረሰ። እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ እኔ እጀ ረጅም ቀሚስ ገዝቼ፣ በአውቶቡስ ሄድን። መተላለፊያው ላይ ስንጠብቅ ጸሐፊው ብቅ ብሎ አስተርጓሚው መንገድ ላይ መኪና እንደተበላሸበት ነገረን። «ዕብራይስጥ የምትችሉ አላችሁ ወይስ ሌላ ቀን እንቀጥራችሁ?» አለ። «እኔ አለሁ!» ብዬ ተነሣሁ። እንዴት ደስ አለኝ! የእናቴ አፍ በእጄ ገባ ብዬ ነው።

ሦስቱ ዳኞች በረጅም ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። መሐለኛው ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ናቸው፤ በቀኛቸው ያለው ፊቱን የማይፈታ ጎልማሳ፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ የሚጽፍ። ስለ ሰንበት ጠየቋት፣ መለሰች። ሥጋና ወተት ስለ መለየት ጠየቋት፣ የሁለቱንም ድስት ቀለም ሳይቀር ነገረቻቸው። እኔ እንደ ወንዝ እየፈሰስኩ እተረጉማለሁ። ማለፋችን ነው ብዬ ልቤ የሰርጉ አዳራሽ ውስጥ መጨፈር ጀምሯል። ከዚያ ሽማግሌው፣ «ከቀድሞው ሃይማኖት በልብሽ ታስሮ የቀረ ነገር አለ?» አሉ።

ጥያቄውን ለስለስ አድርጌ ብተረጉመውም እናቴ ገባት። እጆቿን አጣምራ ተነሣች።

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር አለ። ይች ልጄ ሁለት ዓመቷ ሳለ ዓይኗን ታመመች። ቀኙ ነጭ ለበሰ። ሐኪም ቤቱ የሁለት ቀን መንገድ፣ ጊዜው ክረምት፣ ወንዙ ሙሉ። ጳጉሜን ሦስት ዝናቡ ሲወርድ አቅፌያት ወጣሁና፣ ሩፋኤል ሆይ፣ ይችን ዓይን አብራልኝ፤ እኔም እስክሞት በየዓመቱ በዚህ ቀን ዝናብ ላይ በባዶ ራሴ ቆሜ አመሰግናለሁ አልሁ። በሳምንቱ ዓይኗን ገለጠች። እዚህ ግን ዝናብ የለም። ቃሌን አጉድዬ ወደ ቃል ኪዳናችሁ አልገባም። እናንተ ዳኞች ናችሁ፤ ፍረዱኝ።»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ዝናብ ላይ የቆመችው ለኔ ዓይን ኖሯል! ሳላውቅ ዋሸሁ ብል እንዴት በቀለለኝ። እኔ ግን በደንብ ሰምቼ፣ በደንብ ገብቶኝ፣ በዚያው ባበራችልኝ ዓይን ዳኞቹን እያየሁ፣ «እናቴ ታምሜባት ሳለሁ እግዚአብሔር ስለረዳን ታመሰግናለች፤ ሌላ የቀረ ነገር የለም ትላለች» አልኩ።

ሦስተኛው ዳኛ ጻፈ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«አልጠራሽውም» አለች።

«እማዬ፣ ተይ፣ ተቀመጪ።»

«ስሙን አልጠራሽውም። በነሱም ቋንቋ ስሙ ያው ነው፤ ማታ ማታ እንለው የለም? ጆሮዬን ሰጥቼ ስጠብቅ ነበር። አልመጣም።»

ዕብራይስጥ የምታውቀው ሠላሳ ቃል ቢሆን ነው። በዚያች በሠላሳ ቃል ያዘችኝ። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ዞራ፣ በጣቷ ቀኝ ዓይኔን እያሳየች፣ «ራፋኤል! ራፋኤል!» አለቻቸው። የሚጽፈው እጅ ቆመ። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ እንደ አዲስ ተርጉሚ። ሙሉውን» አሉኝ።

እያለቀስኩ ሙሉውን ተረጎምኩ።

ጎልማሳው ዳኛ መዝገቡን ዘጋው። «ለመልአክ የተሳለች ሴት» አለ። ሽማግሌው ግን እናቴን፣ «ዛሬስ ትለምኚዋለሽ?» አሏት።

«ድሮ እለምነው ነበር። አሁን ላኪውን ነው የምለምን።»

«እንግዲያ ስሚኝ። መልአክ አንድ መልእክት ይዞ ይመጣል፣ አድርሶ ይሄዳል። ወደ አባታችን አብርሃም ከመጡት ከሦስቱ እንግዶች የግርዛት ቁስሉን የፈወሰለት ራፋኤል ነበር ይላሉ አባቶቻችን። አብርሃም ምሳ አበላው እንጂ ስለት አልተሳለለትም። ስለት ለፈጣሪ ብቻ ነው።»

እናቴ አሰበችበት። «እሺ፤ ለፈጣሪ ይሁን» አለች። «ለፈጣሪም ቢሆን አላደረስሁም።»

ሽማግሌው ፈገግ ማለታቸውን ጢማቸው ሸፈነው እንጂ ዓይናቸው ነገረን። ከአይሁድ አዲስ ዓመት በፊት ሰዎች ሦስት ሆነው ለተቀመጡ ዳኞች እየቀረቡ ስለታቸውን እንደሚያስፈቱ ነገሯት። «እኛም ሦስት ነን። ብቻ መጠየቅ አለብኝ፤ በመሳልሽ ትጸጸቻለሽ?»

ስተረጉምላት እናቴ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለች። «ምን? አልጸጸትም!»

«እማዬ፣ አዎ በያቸው፣ አንዲት ቃል ናት...»

«የልጄ ዓይን በርቶ በምኑ ልጸጸት? ይመለስ፣ ይጥፋ ልበል? አልልም! ንገሪያቸው። እንዳለ ንገሪያቸው።»

እንዳለ ነገርኳቸው። አዳራሹም፣ ቀሚሱም፣ ማሩም ከፊቴ ተራ በተራ ሲሄዱ ይታየኛል፤ ሆኖም አንዲት ቃል አላጎደልኩም፣ «አልልም» ያለችበትን ድምፅ እንኳ ሳልቀንስ።

ሽማግሌው ጢማቸውን በጣታቸው ሲያበጥሩ ቆዩና፣ «በአገርሽ ሳለሽ ወደ ኢየሩሳሌም እወጣለሁ ብለሽ ታስቢ ነበር?» አሉ።

«ሁልጊዜ። አያቴም እንደዚያው።»

«ስትሳይ በዚህ ወር እዚህ ዝናብ እንደማይዘንብ ታውቂ ነበር?»

«ማን ነግሮኝ?»

«ብታውቂ ኖሮ በዝናብ ትሳይ ነበር?»

እናቴ ረጅም ጊዜ ወሰደች። አጭበርብራ ልትመልስ የማትችል ሴት ስለሆነች ነው የቆየችው። «አልሳልም ነበር» አለች በመጨረሻ። «በዳቦ እሳል ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ። ጎልማሳው እንኳ አፉን በመዝገቡ ከለለ። ሽማግሌው፣ «ሳታውቂ የተሳልሽው ነውና ያለ ጸጸትም ይፈታል» አሉ። ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ፣ ሦስት ጊዜ፣ «ሙታር ላኽ» አሏት፤ ተፈቶልሻል ማለት ነው። እናቴ በየአንዳንዱ እጅ ነሣች። ሲጨርሱ ግን አልተቀመጠችም።

«ዓይኗስ?» አለች። «ስለቱ ሲፈታ ዓይኗ አይመለስም?»

ይህንንም እንዳለ ተረጎምኩት። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። «አይመለስም፣ እናቴ» አሏት። «የሰጠውን አይቀማም።»

አለፍን። ማለፋችንን ሲነግሩን እልልታው የእናቴ ነበር፤ እኔ ወለሉን ነበር የማየው።

ከጥቂት ቀን በኋላ የመጨረሻው ሥርዓት፣ ሚክቬ የሚሉት የመንጻት ውሃ ውስጥ መጥለቅ ነበር። እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ የምታስተናግደንን ሴት፣ «ውሃው ከየት ነው?» ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ። ጠየቅኩላት። ሴትዮዋ ከጎኑ ያለውን ጉድጓድ አሳየችን፤ የክረምት ዝናብ ከጣሪያ ወርዶ የሚጠራቀምበት ነው፣ ያለ እሱ ሚክቬ አይሆንም አለችን። «ዝናብ ነው?» አለች እናቴ። «ዝናብ ነው» አልኳት። «ታዲያ ምነው ቀድማችሁ አትነግሩኝም!» ብላ ወረደች። ከውሃው ሥር ከመቆየቷ ብዛት ሴትዮዋ ደንግጣ እጇን ልትዘረጋ ነበር።

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረ ቆሎ ዘገን አድርጋ ሰጠችኝ። መያዝ እንጂ መብላት አልቻልኩም።

«ስሙን መጥራት ያን ያህል ከበደሽ?» አለችኝ።

«ሰርጉን ፈርቼ ነው፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ብዪ ቆሎሽን።»

እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ያን ነገር አላነሣችብኝም። ሰርጉም ሆነ፤ አባባ ታፈረም ጨፈሩ። እናቴ ግን ጳጉሜን ሦስት በመጣ ቁጥር ሻሿን አውርዳ ደረቁ ሰማይ ሥር ሰገነቱ ላይ መቆሟን አልተወችም። «ተፈትተሽ የለም እንዴ?» ስላት፣ «ተፈትቻለሁ። አሁን ማንም ሳያስገድደኝ በፈቃዴ ፈጣሪን ላመሰግን ነው። ሩፋኤልም ቢሰማ ምን ቸገረው» ትለኝ ነበር።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ለስንት እማማና አባባ ሐኪም ቤትም ባንክ ቤትም አስተርጉሜያለሁ። አንዲት ቃል አልዘልም። ስድብም ቢሆን እንዳለ ነው የማስተላልፈው፤ በዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ ከቢሮ አስወጥተውኛል። ሰው ስለ ራሱ የሚለውን እኔ ልመርጥለት መብት እንደሌለኝ የተማርኩት በሃያ ዓመቴ ነው፤ በእናቴ ዋጋ።

«እ?» አለኝ ሐኪሙ። «ማን አከመሽ?»

አገጬን ከመሣሪያው ላይ አነሣሁ። «ራፋኤል» አልኩት።

«የየት ሐኪም ነው?»

«ሐኪም አይደለም፤ መልአኩን ነው የምልህ። እናቴ ዝናብ ላይ አቅፋኝ ቆማ ለምናው ነው።»

የምቀልድ መሆኔን ለማወቅ ፊቴን አየ። ኮስተር ብያለሁ። «ይህን የት ልጻፈው?» አለ ግራ ገብቶት።

«ማን አከመሽ ባልክበት ቦታ ላይ።»

ትንሽ አመነታና ጻፈ። እኔም አልተነሣሁም። መነጽር ስለሌለኝ የጻፍከውን አንብብልኝ አልኩት። አነበበልኝ። ስሙ አለበት።